የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከጄኔሬተር ቤት ወደ ዳታ ሴንተር

ዳታ ሴንተር (መረጃ የሚይዙ ትልልቅ ኮምፒውተሮች፣ ማለትም ሰርቨሮች፣ የሚገኙበት ቤት) ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ኮምፒውተር ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ግን ኮምፒውተሩን ጨርሶ የማይነካ ሠራተኛ አለ። መብራቱን፣ ባትሪውን፣ ጄኔሬተሩን፣ ማቀዝቀዣውንና የእሳት መከላከያውን ቀንና ሌሊት ይጠብቃል፤ የፋሲሊቲ ሠራተኛ ይሉታል። በዚህ ዕትም ስለዚሁ ሥራ ከጎንደር የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 23 ነው። በኤሌክትሪክ ሌቭል 4 ጨርሼ ሲኦሲ አልፌያለሁ፤ አሁን የቤት ዝርጋታ እሠራለሁ። ጓደኞቼ ያለ ኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ዳታ ሴንተር አይገባም ይሉኛል። እውነት ነው? (ከማራኪ)

መልስ፦ አንተ ለምትፈልገው ሥራ እውነት አይደለም። ሰርቨርና ኔትወርክ የሚይዘው ክፍል በአብዛኛው ዲግሪ ይጠይቃል። ለሰርቨሩ መብራትና ብርድ የሚያቀርበው ክፍል ግን የኤሌክትሪክ፣ የማቀዝቀዣ ወይም የጄኔሬተር ባለሙያ ነው የሚፈልገው፤ ሌቭል 4 ጥሩ መነሻ ነው።

ይሁን እንጂ መብራቱ የሚመጣበትን መንገድ በባዶ ወረቀት ላይ መሳል ካልቻልክ ቃለ መጠይቁ ላይ ትወድቃለህ። ከ15 ወይም ከ33 ኪሎ ቮልቱ መስመር ትነሳለህ፤ ወደ ትራንስፎርመር፣ ከዚያ ወደ 400 ቮልቱ ዋና ፓነል፤ ቀጥሎ ኤቲኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በራሱ ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረው ዕቃ፤ ከዚያ ዩፒኤስ፣ ማለትም ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፤ ማከፋፈያ ፓነል፣ መጨረሻ ላይ ሰርቨሮቹ የተደረደሩበት ራክ። ስትስል እያንዳንዱ ብሬከር ላይ ቆም በልና «ይህ ቢወድቅ ማን ይጠፋል?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ኤን ፕላስ ዋን እና ቱ ኤን የሚሉትም የዚህ ጥያቄ መልሶች ናቸው። ሦስት ማቀዝቀዣ ለሚበቃው ክፍል አራተኛ ከጨመርክ ኤን ፕላስ ዋን ይባላል። መንገዱን በሙሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ካደረግኸው ቱ ኤን ነው። ቲየር 3 የሚባለው ደረጃ ደግሞ የትኛውንም ዕቃ፣ ሰርቨሩ ሳይጠፋ፣ ለጥገና ማውጣት የሚቻልበት ነው።

የቤት ዝርጋታ እጅ ያፍታታል፤ ክፉ ልማድም ያስለምዳል። የመጀመሪያው ክፉ ልማድ «እስኪ ልሞክረው» ነው። ዳታ ሴንተር ውስጥ አንድ ብሬከር ለማጥፋት እንኳ በቅድሚያ የተጻፈና የተፈረመ የሥራ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል፤ በሥራው ቋንቋ ኤምኦፒ ይሉታል። በየመስመሩ ምን እንደሚነካ፣ ምን መታየት እንዳለበትና ያልታሰበ ነገር ከታየ እንዴት ወደ ኋላ እንደሚመለሱ ይጻፍበታል። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይነካል። ሁለተኛው ክፉ ልማድ በካቻቢቴ ቴስተር መተማመን ነው። ቴስተሩ አልበራም ማለት መብራት የለም ማለት አይደለም። «ካት 3፣ 600 ቮልት» የሚል የደኅንነት ደረጃ የተጻፈበት መልቲሜትር ያዝ። መጀመሪያ መብራት እንዳለው የምታውቀውን ቦታ ለካ፤ ከዚያ የምትሠራበትን፤ ከዚያ ተመልሰህ የመጀመሪያውን። ሦስተኛው ልኬት መሃል ላይ ሜትሩ ራሱ አለመሞቱን ይነግርሃል። ብሬከሩን ካጠፋህ በኋላ የራስህን ቁልፍና ስምህ ያለበትን ካርድ አንጠልጥልበት፤ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ይቆይ።

ትልልቆቹ ቦታዎች ያሉት አዲስ አበባ ነው። በአይሲቲ ፓርክ ዊንጉ እና ራክሲዮ የሚባሉ ዳታ ሴንተሮች አሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም፣ ሳፋሪኮምና ባንኮቹም የራሳቸው አላቸው። ጎንደር ላይ ዳታ ሴንተር የሚል ታፔላ ባታገኝም ዕቃው በየቦታው አለ፦ በዩኒቨርሲቲው የሰርቨር ክፍሎች፣ በሆስፒታሉ፣ በባንክ ቅርንጫፎች፣ በቴሌ ማማዎች ሥር። እንደ ዳሽን ቢራ ፋብሪካ ያለ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ቦታ ደግሞ ፈረቃን፣ ሦስት ፌዝንና ትልልቅ ማቀዝቀዣን አንድ ላይ ያስተምራል። እኛ ብንመርጥ ወደ አዲስ አበባ ከመሄድህ በፊት እዚሁ አንድ ዓመት ጄኔሬተርና ዩፒኤስ ካለበት ቤት ብትሠራ እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ በአንድ ጤና ተቋም የዩፒኤስ ክፍል የምከታተል ባለሙያ ነኝ። ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች 32 በተከታታይ ተያይዘዋል። አቅራቢው 10 ዓመት ይቆያሉ ብሎን ነበር፤ በሁለት ዓመት ተኩል ሰባቱ አብጠዋል። ምን በላቸው? ይህ ልምድስ ለዳታ ሴንተር ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ «10 ዓመት» የዲዛይን ዕድሜ ነው። ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ 20 ወይም 25 ዲግሪ ሆኖ፣ ባትሪውም እምብዛም ሳይሠራበት የሚሰላ ቁጥር ነው። ለእርሳስ ባትሪ ሙቀት በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ክፍሉ 35 ዲግሪ ከሆነ 10 ዓመቱ ገና ከመነሻው 5 ሆኗል ማለት ነው። ጎንደር ደጋ ናት ብሎ መዘናጋት አይገባም። በሩ የተዘጋ፣ ዩፒኤሱ ራሱ ሙቀት የሚተፋበት ጠባብ ክፍል የከተማዋን አየር አያውቀውም።

ማበጥ ግን ከሙቀት በላይ የሆነ ምልክት ነው፤ ባትሪው ከሚገባው በላይ እየተሞላ ነው። አንድ ባትሪ ስድስት ሴል አለው፤ ለእያንዳንዱ ሴል ከ2.25 እስከ 2.30 ቮልት ሲሰጠው አንዱ ባትሪ ከ13.5 እስከ 13.8 ይሞላል። ይህ ለ25 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ መሙያው ከሴሉ 3 ሚሊ ቮልት ገደማ መቀነስ አለበት፤ በባትሪ 18 ሚሊ ቮልት ይመጣል። በ35 ዲግሪ 0.18 ቮልት፣ በ32ቱ ላይ ደግሞ 6 ቮልት ገደማ። ዩፒኤሱ ይህን የሚቀንሰው ባትሪዎቹ መሃል የሚቀመጥ የሙቀት መለኪያ ገመድ ሲኖረው ነው። ገመዱ መኖሩን ይመልከቱ፤ ካርቶን ውስጥ የቀረ ወይም ዩፒኤሱ ጀርባ ላይ ተጠቅልሎ የተንጠለጠለ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኝቷል። በባትሪና በባትሪ መካከል የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ከሌለ ደግሞ መሃል ያሉት ቀድመው ያብጣሉ። ያበጡት ሰባቱ ከመሃል ከሆኑ ይህንንም ይጠርጥሩ።

ሌላው ምክንያት ከመግጠሙ በፊት ያለፈው ጊዜ ነው። በመርከብና በመጋዘን የቆየ ባትሪ በየወሩ ቻርጁን በጥቂቱ እያጣ ይሄዳል፤ ስድስት ወር ሳይሞላ መልሶ መሙላት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ርክክብ ላይ የምርት ቀኑን ይመዝግቡ፤ ሳይያያዝ ሲለካ ከ12.6 ቮልት በታች የሆነውን አይረከቡ።

አሁን ምን ይደረግ? ያበጡትን ሰባቱን ብቻ በአዲስ መተካት የሚያጓጓ ነገር ነው፤ ርካሽ ነውና። አዲስና አሮጌ በአንድ መስመር ሲሞሉ ግን ቮልቴጁን እኩል አይካፈሉም፤ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል። ከ32 ሰባት ካበጡ መስመሩ በሙሉ መቀየር አለበት። እስኪቀየር ድረስ ባትሪው ይሠራል ብለው አይመኑ። በተከታታይ የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ውስጡ ከተቆረጠ 31ዱ ደኅና ቢሆኑም መብራት በጠፋባት ቅጽበት ሁሉም ይጠፋል።

ይህን ሥራ ብቻዎን አይሥሩ። 32 ባትሪ በ13.6 ሲባዛ 435 ቮልት ነው፤ ዲሲ በመሆኑም ብልጭታው አንዴ ከተነሳ እንደ ተራው የመስመር መብራት (ኤሲ) በቀላሉ አይጠፋም። የባትሪው ብሬከር ይጥፋ፤ ከዚያ ከመስመሩ መሃል አንዱ ማያያዣ ይፈታና ቮልቴጁ ለሁለት ይከፈል፤ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፤ የመፍቻው እጀታ ፕላስቲክ የለበሰ ይሁን። ቦልቱን በግምት አያጥብቁ፤ የአምራቹ ወረቀት ላይ ያለውን የጥብቀት ልክ በቶርክ መፍቻ ይጠቀሙ። የላላ ቦልት ጭነት ሲመጣ ይግላል፤ ከልክ በላይ የጠበቀው ደግሞ የእርሳሱን እግር ይሰነጥቃል።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ አዎ ነው፤ ግን በወረቀት ሲያሳዩት። በወር አንድ ጊዜ የእያንዳንዱን ባትሪ ቮልቴጅ፣ የክፍሉን ሙቀትና በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የየማያያዣውን ሙቀት ይመዝግቡ። ከጎረቤቶቹ በ0.3 ቮልት የተለየውን በቀይ ያክብቡ። የ12 ወር ሠንጠረዥ ይዞ ቃለ መጠይቅ የሚገባ ሰው «ልምድ አለኝ» ከሚል ሰው ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ አዘዞ አካባቢ በሚገኝ ሆቴል የጄኔሬተር ባለሙያ ነኝ። ባለ 100 ኬቪኤ ነው። 75 ኪሎ ዋት ሲጫንበት ጥቁር ጭስ እያወጣ ኸርዙ ይወርዳል። ፊልትሮ ቀይረናል፣ ኖዝል አስፈትሸናል። በየሳምንቱም 10 ደቂቃ በባዶ እናስነሳዋለን። ምን ቀረ?

መልስ፦ የቀረው የከተማው ከፍታ ነው። 100 ኬቪኤ በ0.8 (ኬቪኤን ወደ ኪሎ ዋት በሚቀይረው የተለመደ ቁጥር) ሲባዛ 80 ኪሎ ዋት ነው። ይህ ግን አምራቹ በመረጠው ዝቅተኛ ቦታ የሚሰጥ ቁጥር ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። የእርስዎ ሞተር ተርቦ ከሌለው ከ80ው የሚቀርልዎ 64 ገደማ ነው፤ 75 ሲጭኑበት ናፍጣው የሚቃጠልበት አየር ያጥረዋል፣ ጥቁር ጭሱም እሱ ነው። ተርቦ ያለው ብዙ ይቋቋማል፤ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግርዎ የሞተሩ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የከፍታ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። ሌላም ነገር ይመልከቱ። ሳህኑ ላይ የተጻፈው 100 ስታንድባይ (ለመጠባበቂያ ብቻ) ከሆነ በተከታታይ ለረጅም ሰዓት የሚሠራበት ፕራይም ልኩ በ10 በመቶ ገደማ ያንሳል። መብራት ለሰዓታት በሚጠፋበት ቦታ መታሰብ ያለበት ፕራይሙ ነው። ስለዚህ ኖዝሉን ይተዉትና ጭነቱን ይቀንሱ፤ የውኃ ማሞቂያዎቹን ከጄኔሬተር መስመር ማውጣት ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

በባዶ ማስነሳቱን ያቁሙ። ከ30 በመቶ በታች ጭነት የሚሠራ ናፍጣ ሞተር በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ያልተቃጠለ ነዳጅ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ጭስ ማውጫው ላይ ጥቁር እርጥብ ሆኖ ይንጠባጠባል። በየሳምንቱ 10 ደቂቃ በባዶ ከሚነሳ ይልቅ በወር አንድ ጊዜ ለ30 ደቂቃ፣ ቢያንስ 25 ኪሎ ዋት የሆቴሉን እውነተኛ ጭነት ተሸክሞ ይሥራ። ይህ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ማዞሪያውንም (ኤቲኤሱን) ይፈትናል። ሞተር ተነስቶ ማዞሪያ እምቢ ማለቱ የተለመደ ነውና።

«አልነሳም» ሲልዎ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። መቆጣጠሪያው አውቶ ላይ ነው ወይስ የመጨረሻው ጠጋኝ ኦፍ ላይ ትቶት ሄዷል? ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ ተጭኖ ቀርቷል? የናፍጣው ቫልቭ ክፍት ነው? ከዚያ ባትሪው። ባለ 12 ቮልቱ ሞተሪኖውን ሲያዞር ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ወይ ባትሪው አርጅቷል ወይ እግሩ ዝጓል። መሙያውንም ያረጋግጡ፤ ትንሿ ብሬከሩ ወድቃ ለሳምንታት ማንም ሳያያት ትቀራለች። ጄኔሬተርን ከሞተሩ ይልቅ አብዝቶ የሚያሳፍረው ይህ ርካሽ ባትሪ ነው።

ናፍጣው ሲቆይ ከታንኩ ሥር ውኃ ይጠራቀማል፤ ክረምት ሲገባና ሲወጣ ከታች ያለውን መቅጃ ከፍተው ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ያፍስሱ። ለሒሳብ እንዲሆንዎ፦ 40 ኪሎ ዋት ሲሸከም በሰዓት 11 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ የ200 ሊትር በርሜል 18 ሰዓት ያቆይዎታል። ዳታ ሴንተር ውስጥ «ስንት ሰዓት ይቀረናል?» ለሚል ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መልስ ይጠበቃል።

ጥያቄ፦ የኧርዚንጉን (አደገኛ መብራትን ወደ መሬት የሚያሳልፉትን የተቀበሩ ዘንጎች) ልኬት ሐምሌ ላይ 4 ኦም አግኝተን ነበር። ሚያዝያ ላይ 11 ሆነ። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ መሬቱ ደርቆ ነው። ኧርዝ የሚለካው በበጋው መጨረሻ ነው፤ የሐምሌ ቁጥር ዝናቡ የሰጣችሁ ብድር ነው። ዘንጎቹን አርቁ፤ በሁለት ዘንግ መካከል ቢያንስ የዘንጉን ርዝመት ያህል ይኑር። ጨው መጨመሩ ለጊዜው ቁጥሩን ያወርዳል፣ ዘንጉን ግን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ አዲስ አበባ ዳታ ሴንተር ተቀጥሮ የሌሊት ፈረቃ ገባ። እሳት ሲነሳ ጋዝ የሚለቀቅበት ክፍል ነው ብሎኛል። ሰውን አይገድልም? (እናት፣ ከአራዳ)

መልስ፦ እናታችን፣ የጋዙን ስም ይጠይቁት፤ በሩ ላይ ተጽፏል። ኤፍኤም 200 ወይም ኖቬክ ከሆነ በሚለቀቅበት መጠን ሰው ክፍሉ ውስጥ ቢገኝ እንኳ ሮጦ ለመውጣት ጊዜ ይሰጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ግን እሳት በሚያጠፋበት መጠን ሰውንም ይገድላል፤ እንዲህ ያለ ክፍል ሰው ሲገባ ጋዙ በቁልፍ መቆለፍ አለበት። በየትኛውም ዓይነት ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የጭስ መለኪያዎች ካልተስማሙ አይለቀቅም፤ ከመለቀቁም በፊት ደወል ይጮኻል፣ በአብዛኛው 30 ሰከንድ ይቆጠራል። ሕጉ አንድ ነው፦ ደወሉ ሲጮኽ ዕቃ አይነሳም፣ ይወጣል።

ስለ ሌሊቱ፦ የ12 ሰዓት ፈረቃ የተለመደ ነው። ከጋዙ ይልቅ የሚጎዳው የእንቅልፍ እጦትና የማራገቢያው ጩኸት ነው። የጆሮ መከላከያውን እንዲያደርግ ይምከሩት፤ ወጣቶች ይንቁታል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የሰርቨር ክፍል አለን፤ ጭነቱ 10 ኪሎ ዋት ነው። ሁለት ባለ 18,000 ቢቲዩ የግድግዳ ኤሲ ገጥመናል፤ ግን መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ክፍሉ ይግላል። አለቃችን «ጎንደር ነፋሻ ናት፣ መስኮቱን ክፈቱት» ይላሉ።

መልስ፦ መብራት ሲመለስ የሚግልበት ምክንያት ቀላል ነው። ኤሲዎቹ በሪሞት የሚነሱ ስለሆኑ መብራት ሲመለስ ጠፍተው ይቀራሉ። በራስ የመነሳት ቅንብር ያላቸው ሞዴሎች አሉ፤ መጽሐፉን አይታችሁ አብሩት፣ ከዚያም ብሬከሩን አጥፍታችሁ በማብራት ፈትኑት። ኮምፕሬሰሩ ከተመለሰ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ሊዘገይ ይችላል፤ ያ ጤናው ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። 1 ኪሎ ዋት የሰርቨር ጭነት 3,412 ቢቲዩ ሙቀት ነው፤ 10 ኪሎ ዋት 34,120። ሁለቱ ኤሲ በወረቀት 36,000 ይሰጣሉ። በቃ ያሰኛል፤ አይበቃም። አንዱ ሲበላሽ ግማሽ ላይ ናችሁ። የቤት ኤሲ ደግሞ ከጉልበቱ የተወሰነውን ከአየሩ ውኃ ለማውጣት ያጠፋዋል፤ ሰርቨር ላብ ስለሌለው ያ ጉልበት ባከነ። የከተማችን የሳሳ አየርም ሙቀት የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ነው። 1 ኪሎ ዋትን በ12 ዲግሪ ልዩነት ለማቀዝቀዝ ባሕር ዳርቻ በሰዓት 250 ሜትር ኩብ አየር ሲበቃ፣ እዚህ 320 ገደማ ይፈልጋል። ሦስተኛ ኤሲ ግዙ፤ አራተኛ ቢገኝ ደግ ነው።

ሙቀቱን ከግድግዳው ላይ አትለኩ። ሰርቨሩ አየር በሚስብበት በራኩ ፊት፣ ታች፣ መሃልና ላይ ለኩ። የሚመከረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። «ሰርቨራችን እስከ 35 ይችላል» የሚል ሰው ካለ ስፔሲፊኬሽኑን እስከ መጨረሻው ያንብብ፦ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል የሚል መስመር ብዙ ጊዜ አለው። ለጎንደር 4 ዲግሪ ነው፤ 35ቱ 31 ሆነ። ራኩ ላይ ባዶ የቀሩትን ቦታዎች በብረት ወይም በፕላስቲክ መዝጊያ ድፈኑ፤ አለዚያ ከኋላ የወጣው ሙቅ አየር በቀዳዳው ዞሮ ወደ ፊት ይመለሳል። ካርቶን እንዳታደርጉበት፤ ይነድዳል።

ወደ መስኮቱ ስንመጣ አለቃችሁ ሐሳባቸው ልክ ነው፣ መንገዱ ነው የተሳሳተ። የደጋ ሌሊት አየር ነፃ ብርድ ነው፤ በትልልቅ ዳታ ሴንተሮችም ይሠራበታል። ነገር ግን በጥሩ ፊልትሮ ተጣርቶ፣ በማራገቢያ ተገፍቶ፣ እርጥበቱ ተለክቶ ነው የሚገባው። የክፍሉ እርጥበት ከ60 በመቶ እንዳያልፍ ይመከራል፤ ሐምሌና ነሐሴ የጎንደር አየር ይህን በብዙ ያልፈዋል። ክፍት መስኮት ደግሞ የበጋውን አቧራ፣ የማገዶውን ጭስና የክረምቱን ዝንብ አብሮ ያስገባል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከመመረቄ በፊት የትኛውን ሰርተፍኬት ልውሰድ? ቃለ መጠይቅ ላይስ ምን ይጠይቃሉ?

መልስ፦ እህታችን፣ ከኪስሽ ገንዘብ አታውጪ። ሽናይደር ኤሌክትሪክ በኢንተርኔት የሚሰጣቸው የዳታ ሴንተር ትምህርቶች በነፃ አሉ፤ ስለ መብራት፣ ስለ ማቀዝቀዣና ስለ ራክ ያሉትን ጨርሺ። ሲዲሲፒ የሚባለው የሁለት ቀን ሥልጠና ደኅና ነው፣ ውድ ግን ነው፤ ከተቀጠርሽ በኋላ ቀጣሪው ይክፈልልሽ። የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ግን ማውጣት ይጠቅማል።

ቃለ መጠይቅ ላይ ከቀመር ይልቅ ሁኔታ ይሰጡሻል። የተለመደው ይህ ነው፦ «ሌሊት ብቻሽን ነሽ። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ኤቲኤሱ ግን አላዞረም። ዩፒኤሱ 9 ደቂቃ ይላል። ምን ታደርጊያለሽ?» ብዙ ተወዳዳሪ በቀጥታ ወደ ኤቲኤሱ ይሮጣል፤ እዚያ ላይ ነጥብ ያጣል። ሰዓቱን ያዢ። ለፈረቃ ኃላፊው ደውዪ። አንቺ ስትሞክሪ የሰርቨር ክፍሉ ሰዎች በሥርዓት ለመዝጋት እየተዘጋጁ መሆን አለባቸው፤ በስምንተኛው ደቂቃ ቢደወልላቸው አይደርሱም። ከዚያ የጄኔሬተሩን ፓነል እይ፦ ሦስቱም ፌዝ 400 ቮልት ገደማ፣ 50 ኸርዝ አለ? የጄኔሬተሩ ብሬከር ወድቆ ከሆነ ኤቲኤሱ ጥፋት የለበትም፣ የሚቀበለው የለም። ብሬከሩ ደኅና ከሆነ የኤቲኤሱ መምረጫ አውቶ ላይ መሆኑን እይ። በእጅ ማዞር የሚቻለው ለዚያ ዕቃ የተጻፈ የአደጋ ጊዜ ቅደም ተከተል ካለና አንቺም ከሠለጠንሽበት ብቻ ነው፤ ከሌለ «አላዞርም፣ መዝጋቱ ይቀጥል እላለሁ» ማለት ትክክለኛ መልስ ነው። «ዩፒኤሱ ማቀዝቀዣውን አይሸከምም፣ ስለዚህ ባትሪው ሳያልቅ ሙቀቱ ሊቀድም ይችላል፤ የራኩን ሙቀት በየሁለት ደቂቃው አያለሁ» ብለሽ ከጨመርሽ ሥራውን የምታውቂ መሆንሽ ይገባቸዋል።

አንድ ሌላም ይወዳሉ፦ የትራንስፎርመር ሠራተኞች መጥተው ጠግነው ከሄዱ በኋላ ማቀዝቀዣው ይጮኻል፣ አይቀዘቅዝም። ሁለት ፌዝ ተቀያይረው ኮምፕሬሰሩ ወደ ኋላ እየዞረ ነው። መጀመሪያ አጥፊው፤ ከዚያ በፌዝ ቅደም ተከተል መለኪያ አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ የቢትኮይን ማይኒንግ ቦታ ሥራ አግኝቻለሁ። እንደ ዳታ ሴንተር ልምድ ይቆጠራል?

መልስ፦ በከፊል። አንዱ ማሽን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚበላ ከባድ የመብራት ጭነት፣ የሚግል ማያያዣና ብዙ ማራገቢያ ታያለህ። ዩፒኤስና ጄኔሬተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ አብሮ ይጠፋል፣ ማንም አይደነግጥም። ዳታ ሴንተር የሚፈልገው መደንገጥን የለመደና ሳይደነግጥ የሚሠራ ሰው ነው። የጭነትና የሙቀት ልኬትህን ጻፍ፤ ያ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። መዝገብ እንዴት ልጻፍ?

መልስ፦ አጭርና በቁጥር የተሞላ ይሁን። ቁጥር በየትኛውም ቋንቋ ይነበባል። አንድ ናሙና፦

«20:14 መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር 1 በ11 ሰከንድ ተነሳ፤ 398 ቮልት፣ 50.1 ኸርዝ። ኤቲኤስ አላዞረም። 20:15 ለፈረቃ ኃላፊ ተደወለ። 20:19 በአደጋ ጊዜ ቅደም ተከተሉ መሠረት በእጅ ተዞረ። ዩፒኤስ ባትሪ 71 በመቶ። 20:26 ራክ 4 ፊት፣ ላይኛው፦ 26 ዲግሪ። ምክንያት፦ አልታወቀም።»

«አልታወቀም» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም፤ ግምትን እንደ እውነት መጻፍ ያሳፍራል። ከእንግሊዝኛው በላይ የሚያደናግረው ሰዓቱ ነው። እኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ14 የምንለውን ዩፒኤሱ 20:14 ብሎ ይመዘግበዋል። በመዝገብህ ላይ ባለ 24 ሰዓቱን ብቻ ተጠቀም፤ ቀኑንም በአንድ አቆጣጠር ጻፍ። በየወሩ መጀመሪያ የዩፒኤሱን፣ የጄኔሬተሩንና የኤቲኤሱን ሰዓት ከስልክህ ጋር አስተያይና ልዩነቱን መዝግብ። ሦስቱ ዕቃዎች ሦስት የተለያየ ሰዓት ካላቸው ጥፋት በተፈጠረ ማግሥት የቱ ቀድሞ እንደወደቀ ማንም ሊነግርህ አይችልም።